ከዘፈኑ በፊት

ሞትን እንዳላማው ስሙ አፌን ይዞኛል፤
የነጠቀኝ መምህር «እንዳላማው» ይባላል።
ማሲንቆው ኅዳር ላይ ከነጭራው ቀረ፣
ይታይሽም በጥር፤ ሳንባዋ ነበረ።
በአንድ በጋ ሁለት ጉድጓድ ስንቆፍር
ጣቴ ከነሱ ጋር ሳይቀበር
አልቀረም።

ደምበጫ ግን አልጎደለባትም።
ቅዳሜ በርበሬው ያስነጥሳል፣ ባጃጁ ይጮኻል፤
ጠጅ ቤት ውስጥ ይቀመጡባት የነበረችው አግዳሚ
አሁን የቢራ ሳጥን ተደርድሮባታል።
እኔ በሁለቱ መሀል ያደግሁ ክራር መቺ ነኝ፤
በግራዬ ጭራ ሲያለቅስ፣ በቀኜ ጉሮሮ ሲከፈት
ያን ጊዜ ብቻ የሚሠራ እጅ ነበረኝ።

«ለተዝካራቸው እንኳ ሁለት ስንኝ» አሉኝ፤
ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ።
ክራሬን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ክረምት።
ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ
ቦርሳዋን ቀንበሩ ላይ አንጠለጠለችበት፤ ዝም አልኩ።
«ጎጃሜ ሆኖ ግጥም ጠፋው!» ብለው ሳቁ፤
በሬ እንደሞተበት አራሽ በጎን አዩኝ።

ግጥም አልጠፋኝም። በሌሊት ተነሥቼ የጻፍኩት ሁሉ
ሲነጋ የሷ ሆኖ ይገኛል፤ ያንጎራጎርኩት የሱ።
የሟች ኮት ለብሶ መስታወት ፊት እንደመቆም ነው፤
ልኬ ነው፣ ያምርብኛል፣
አወልቀዋለሁ።

ሐምሌ ላይ ጥሩሰው ሙዚቃ ቤቱን ሊዘጋ ጠራኝ።
«ሞባይል መጠገኛ ይሆናል፤ ያንተ ካለ ውሰድ።»
አይጥ የቀመሰው ካርቶን። ከሥሩ አንድ ካሴት፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «ልምምድ። ያላለቀ።»

መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው፤
የያኔው ዝናብ፤ ከአሁኑ ጋር ቆርቆሮው ላይ ተደባልቆ
የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።
ከዚያ ሳል። ወንበር ሲጎተት። ከዚያ አንድ ልጅ፦
«ላክርረው ወይ?» ድምፁ የኔ ነው፣ ሃያ ዓመት ያነሰ።
«ተወው፣ ክረምት ነው» አለ እንዳላማው፤ «ክር ይጠብቃል።»

ደጋግሜ መለስኩት። አላልቶ ነው ያላት ወይስ አጥብቆ?
ያቺን ፊደል ዝናቡ ውጧታል።
አላልቼ ስላት ክሩ ይከራል፤
አጥብቄ ስላት ይቆየኛል።

ይታይሽ ውሃ ጠጣች፤ ብርጭቆው ሲቀመጥ ይሰማል።
ከዚያ ገባች፦
«ተምጫ ሞልቶብን ወዲህ ወዲያ አደርን፣»

መብራት ጠፋ።

የካሴቱ አይደለም፤ የዛሬው፣ የኛው፣ የደምበጫው።
ጥሩሰው ሻማ ሲፈልግ፣ ሳንቲም ሲወድቅበት፣
እኔ ቤቱ እስኪመታ በጨለማ ቆምኩ።
ማንም አልመታውም።
ቤት ያልመታ ግጥም አንድ እግሩን አንሥቶ እንደቀረ በቅሎ ነው፤
አይሄድም፣ አያስሄድም።
ጣቴ ጠረጴዛውን መታ፤ አፌ ሳያማክረኝ፦
«ጩኸት ውሃ በላው፣ በእጅ ተነጋገርን።»

«ምን አልክ?» አለ ጥሩሰው።
ምንም፣ አልኩት። የሷ አልነበረም፤
እሷ ከዚህ የተሻለ ነው የምትለው።
ጎባጣ ነው። የኔ ነው።

መብራቱ ሲመለስ ካሴቱ ሊዞር አጉረመረመ፤
የሷን ሁለተኛ ስንኝ እንዳልሰማ
ጣቴ ቀድሞኝ አጠፋው።
ምናልባት ፈርቼ ነው። ምናልባት አክብሬ።
ካሴቱን ብብቴ ሥር አድርጌ
በጭቃው መሀል ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው እያየኝ።

ቤት ገብቼ ክራሬን አወረድኩት፤
አቧራውን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁ።
ክሩ ጠብቋል።
ልጄ በሩ ላይ ቆማ፦ «ቦርሳዬንስ የት ላድርገው?»

ከሦስት ክረምት በኋላ
መጀመሪያ የመታሁት
ሚስማር ነው።