ናሙና ቁጥር ፵፩

ጋሽ ደምሳሽ ይዟት መጣ፣ በድልህ ቆርቆሮ፣
ክዳኑን በምስማር ሦስት ቦታ ሰርስሮ።
ትተነፍስ ብሎ ነበር። ሞታ ደረሰች፤
ከዶሮ ማነቂያ አራት ኪሎ ድረስ መንገዱን አልቻለች።

የበሩን መቃን ሊያወጣ ፍርስራሹ ዘንድ ሄዶ
ከመሠረቱ ሥር አገኛት፣ ድንጋዩ ተንዶ።

«አይጥ ናት» አለኝ። «አይደለችም» አልኩት፤
ሹል አፍንጫዋን በወረንጦ አቅንቼ አሳየሁት፤
«አይጥ እህል ትሰርቃለች፤ ይቺ ጎተራ አታውቅም፣
በረሮ ነው ቀለቧ፣ ጢንዚዛ ነው፤ ጥሬ አትቆረጥምም።»
ስሟን ጠየቀኝ። በላቲን ነገርኩት።
«ባማርኛስ?»
                ዝም አልኩ። አላውቅም።
ይህን ሁሉ ምላስ ይዘን ስም አላወጣንላትም?

ምላሷን ቆርጬ አወጣሁ፣
ከሩዝ ፍሬ ጥቂት ትረዝማለች።
(ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች
ይላሉ፤ ይቺ የሰበረችው
የጢንዚዛ ቅርፊት ነው፣ እሱንም ጥርሷ ነው።)
ለሁለት ሰነጠቅኳት፤
ግማሿ ወደ ሰም፣ ግማሿ ወደ ወርቅ።
ቅኔ አይደለም ይሄ፤ የቀን ሥራዬ ነው።
ሰሙ ቀልጦ ይገባል፣ ሥጋውን ያጸናል፣
ምላጩ እንደ ሽንኩርት ልጥ ስስ ስስ ያደርጋል፤
ወርቁ ደግሞ ጭጋግ ነው፣ አየር አልባ ጓዳ የሚነፋ፣
ከቀለበት ብናኝ ያነሰ፣ ሚዛን ላይ የሚጠፋ።

መብራት እንዳይሄድ ተስዬ ማሽኑን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ማሳ አየሁ፦
የእሾህ ማሳ፣ ሁሉም ወደ ጉሮሮ ያጎነበሰ፣
ነፋስ ባንድ አቅጣጫ እንደ ዳበሰ፤
ጫፉ ሦስት ጣት፣ አራት ጣት፣ አንዳንዱ ጣት የለው፤
የገባ ነፍሳት ወደ ኋላ መመለስ በዚህ ደጅ ክልክል ነው።
በእሾሁ መሐል እዚህም እዚያም እንጉዳይ፣
የነሐሴ ዝናብ ያበቀለው መሳይ።
ከኋላ፣ ከጉሮሮው በር፣ ሁለት ክብ ጉብታ፣
በቦይ የተከበበ፤
አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አደባባይ
ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንደዚህ ናቸው።
የሚዋጥ ሁሉ ያልፋል ዞሯቸው።

በግራው አደባባይ፣ በቦዩ ውስጥ፣ አንድ ነገር ተሰንቅሯል።
አጎላሁት።
የበረሮ እግር አይደለም። ክንፍም አይደለም።
ጭድ ነው። የገለባ ስብርባሪ፣ አፈር የለበሰ።

ዶክተር የውብዳር ከትከሻዬ በላይ አየችው፦
«ቆሻሻ ነው፤ ናሙናው በደንብ አልታጠበም።
ሌላ አንሺ።»
ልክ ናት። መጽሔት ጭቃ አይወድም።
አጥቤ ሌላ አነሣሁ። ንጹሕ። እሾሁ ሁሉ ቆሞ ይታያል።
የፊተኛውን «የተበላሸ» ብዬ መዘገብኩ፤ ግን አልሰረዝኩም።

ጋሽ ደምሳሽ በነጋታው ቆርቆሮውን ሊወስድ መጣ።
«መጨረሻ ምን ቀመሰች?»
የተበላሸውን አሳየሁት።
መነጽሩን አወለቀ፣ ተጠጋ፣ በጣቱ ስክሪኑን ነካ፦
«ይሄማ የጓዳዬ ግድግዳ ነው፤
እኔ ነኝ የመረግኩት፣ ጭዱን ከሱሉልታ አስመጥቼ፣
የመጀመሪያዋ ልጄ ልትወለድ ሰሞን።»

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ አልታዘዝም አለኝ።
አትሜ ሰጠሁት።
አራት ቦታ አጥፎ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተው፣
ክዳኑን ገጠመ፤
ሦስቱ ቀዳዳ እንዳለ ነው።