አራት ሻማ

ባሌ ቫርላም የላም ሐኪም፣ ጡረታ የወጣ በስም፤
ሌሊት በራችን ሲንኳኳ «ነገ ልምጣ» ማለት የለም።
የምትወስደው አሮጌ ኒቫ፣ የላዳ ዘር፣ ቅጠልያ መልክ፣
የኋላ በሯ በገመድ የታሰረ፣ ዳገት ላይ የምታለከልክ።

እኔ ከጓዳ ሆኜ ነው ሕመሟን ቀድሜ የሰማሁት፤
ጧት ስትነሣ ሦስቴ ሳል፣ አንዴ ዝም፣ ጣቴን አጥፌ የቆጠርሁት።
«ካንዴላዋ ነው» ስለው፣ «ብርዱ ነው» አለኝ ቫርላም፤
ላም ስታስል ብርድ ነው ብሎ የሚያልፍ ሐኪም ግን አይደለም።
ጎረቤታችን ሹክሪ «ካርቡሬተር ነው» አለ፣ ልጁ «ውኃ ገብቶት ቤንዚኑ»፤
የሰው መኪና ሲሆን ሁሉ ሐኪም ነው፤ ቁልፍ ሲሰጡት ይመሻል ቀኑ።

ደብተሩ ላይ ወንድሜ ኦቲያ፣ አፈሩን ያቅልለትና፣
«አራቱንም ቀየርኩ» ብሎ ጽፏል፤ «ሠላሳ ሺህ ላይ እንደገና»።
ግን ሠላሳ ሺህ ከየት ይቆጠር? አምስት አኃዝ ናት ቆጣሪዋ፤
መቶ ሺህ ሲሞላት «ዜሮ ነኝ» ትላለች፣ ዓይን አውጣዋ!

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ፈታቸውና ጋዜጣ ላይ ደረደረ፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንደ ላም ጥርስ መረመረ።
የመጀመሪያው ጫፉ ብስኩት መስሏል፤ «ይህ ጤነኛ ነው» አለኝ፤
ሁለተኛውም እንዲያው፤ ሦስተኛውን ጠላሸት ውጦት፣ ጣቴን አጠቆረኝ።
አራተኛው ግን ጠርዙ አልቆ፣ እንደ አሮጌ ሳሙና ሟሙቶ፣
ብልጭታው የሚዘልባት ክፍተት ቦይ የሚያህል ሰፍቶ።

በሽቦ ብሩሽ ፈተጋቸው፤ በቤንዚን አጥቦ፣ እፍ እያለ፣
ክፍተቱን በምላጭ ውፍረት ለካና «አንድ ክረምት ይችላሉ» አለ።
እኔ ዝም አልኩ። ሒሳቡን ግን አውቃለሁ፤ ነዳጅ የምከፍለው እኔ ነኝ፤
አሥራ አንድ ሊትር የምትሄደው መንገድ አሥራ አራት እየጠየቀኝ።

አራቱ በአንድ ድቡልቡል አይብ ይገዛሉ።
ቫርላም ለገንዘብ አልሳሳም።
ኦቲያ ያስገባውን ለመጣል ነው እጁ ያልታዘዘው።

ለጊዮርጊስ ሳምንት ሲቀር፣ በረዶ ሲያካፋ ማታ፣
ከጌቢ ስልክ ተደወለ፤ የያሻ ጊደር ምጥ ጸንቶባት፣ ወድቃ ተዘርግታ።
ዳገቱ እኩሌታ ላይ ኒቫ በሦስት እግሯ አነከሰች፤
ተንዘፈዘፈች፣ ሦስቴ ሳለች፣ አንዴ ተኩሳ ጨረሰች።
ቫርላም ቦርሳውን ተሸክሞ አራት ኪሎሜትር በእግሩ ሄደ፤
ሲደርስ ጥጃው ቆሞ ይጠባል፤ ሐኪም ሳይጠብቅ ተወለደ።

ንጋት ላይ ገባ፤ ምን ሆንክ አላልኩት፣ እሱም ምንም አልነገረኝ፤
ኦኒ ገበያ ሊወርድ ሲል ግን፣ «ለበዓሉ አራት ሻማ አምጣልኝ»
አልኩት። በእኛ በጆርጂያዎች አፍ ሻማና ካንዴላ ስማቸው አንድ ነው፤
ሲመለስ ከኪሱ አራት ትንንሽ ካርቶን አወጣ። ሰሙ የታል? «ያልሽኝ ይኸው ነው።»
ተሳስቶ ይሁን አውቆ፣ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አልለየሁትም።

በእጁ እያሾረ አስገባቸው፤ በቁልፍ ሩብ ዙር ጨመረ፤
ኒቫ በአንድ ጥሪ ተነሣች፤ ድምፅዋ እንደ ስፌት መኪና ሰመረ።
ከኦቲያ እርሳስ ሥር በስክሪብቶ ቀኑን ብቻ አሰፈረ፤
አሮጌዎቹን «ለክፉ ቀን» ብሎ በሟቹ የትምባሆ ቆርቆሮ ቀበረ።
ቤተ ክርስቲያን በእሷው ሄድን።
ሻማ ከደጁ ገዛሁ፤ አንድ ብቻ።

አሁን ጧት ጧት ኒቫ አታስልም።
ከጓዳ ሆኜ የምሰማው ሌላ ሳል ነው፣ የደረት፤
ሦስቴ፣ ከዚያ አንዴ ዝም።
ጣቴን አጥፌ እቆጥራለሁ።
«ብርዱ ነው» ይለኛል።