የተጠቀሰበት ብዛት

የእድገት ኮሚቴው ሦስት ነን፤ ወንበር ያለን ሁለት፣
ሦስተኛው ቆሞ ያነባል፣ ተደግፎ መስኮት።
የሌዳሞ ቡራቃ ፋይል፣ በክር የታሰረ፣
ከጠረጴዛው ጥግ አምስት ቀን ያደረ።

«ትይዩ ስሌት፣ የተሰራጨ ስሌት» ይላል ከላዩ፣
አሥራ ዘጠኝ ጽሑፍ፣ ተራ በተራ ሲታዩ፤
ዓመቱ፣ መጽሔቱ፣ ከማን ጋር እንደጻፈ፣
በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ጠባብ ዓምድ ተሰለፈ፦
የተጠቀሰበት ብዛት።
መቶ አርባ ሁለት። ሰባ አንድ። ዘጠኝ። ስድስት። ስድስት።

ጣቴን በምራቅ አርሼ፣ እንደ ባንክ ቤት ሰው፣
ደመርኩ፤ ራሱን የጠቀሰበትን ደግሞ ልቀንሰው።
መመሪያው ግልጽ ነው፤ የራስ ጥቅስ አይቆጠርም።
(እናቴ ብትሰማ ትስቃለች፤
«መስታወት ፊት ቆሞ መጥቀስ ማንንም አያማልልም።»)

ጠቀሰ። ይህ ግሥ ስንቱን ይሸከማል?
ቁም ጸሐፊ ብዕሩን ከቀለሙ ይጠቅሳል፣
ጎረምሳ ማዕዘን ቆሞ አላፊዋን ይጠቅሳል፣
የራበው ቁራሹን ከድስት ጠርዝ ይጠቅሳል፣
ምሁር ምሁርን ይጠቅሳል።
አንዱ ለጽሕፈት፣ አንዱ ለሴት፣ አንዱ ለሆድ፤
የምሁሩስ ለምንድን ነው? ለደረጃ? ለመውደድ?

መቶ አርባ ሁለቱ ስለ ፍጥነት ነው፤
ስድሳ አራት ማሽን አንድ ሥራ ተካፍሎ እንዴት እንደሚጨርሰው።
የጠቀሱት ከሩቅ ናቸው፤ ከብራዚል፣ ከላሆር፣
አብዛኞቹ በአንድ ቅንፍ፣ ከሌላ ሰባት ስም ጋር።
ደግሞም «ቡራቃ» ነው የሚሉት፤ የአባቱን ስም ነው የጻፉት፣
የፈረንጅ ደንብ ሆኖ፣ የኋላውን ወደ ፊት ሳቡት።
እናም ቡራቃ፣ አሞራ ገደል መረብ ሲጠግን የኖረው፣
ፊደል ያልቆጠረው፣ በጣቱ አሻራ ሲፈርም ያረጀው፣
መቶ አርባ ሁለት ጊዜ ተጠቀሰ፤
አንዱንም ሳይሰማ አፈር ለበሰ።

አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ዓይኔ ተያዘ፤
«አንዱ ዝም ሲል የቀሩት እንዴት ይስማማሉ» የሚል ርእስ የያዘ፣
በራሳችን መጽሔት የወጣ፣ ስምንት ገጽ፣ ሁለት ሥዕል።
የተጠቀሰበት ብዛት፦ ባዶ። ክብ፣ እንደ እንቁላል።
ሰብሳቢው «እንለፈው» አለ።
አለፍነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ወረድኩ ወደ ሐይቁ፤
አባ ኮዳዎች ቆመዋል፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣ አንጀት ሲጠብቁ።
መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ጀልባዎቹ ግን ደርሰዋል፤
በአምስት ሚዛን፣ በአምስት ስልክ፣ ቆሮሶው ይመዘናል።
የማኅበሩን ጸሐፊ፣ ጦናን፣ የጎማ ቦት የተጫማውን፣
«ሂሳቡ አይጠፋባችሁም?» አልኩት፣ ሲነካካ ስልኩን።
«እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። አንዱ ቢሞት አራቱ ያስታውሳሉ፤
ሲነቃ የት እንደደረሱ ይነግሩታል፤ ይስማማሉ።
ድሮ በቡጢ ነበር የምንስማማው» አለ፣
ከክንዱ ቅርፊት እየጣለ።

«ማን ሠራላችሁ?»
«የቡራቃ ልጅ ነዋ!»
«ጽሑፉንስ አይተኸዋል?»
«የምን ጽሑፍ?»
ስም ሳይጠራ፣ ዓመት ሳይጠራ፣ ገጽ ሳይጠራ፣
አንድ ቆሮሶ ከሚዛኑ ውጭ ጨመረልኝ፤
«ለሱ አድርስልኝ» አለና
በግራ ዓይኑ ጠቀሰኝ።

ሰኞ ቅጹን ስንሞላ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣
ባዶውን ሰርዤ «አንድ» ልጽፍ አሰብኩና ፈራሁ።
መመሪያው ዓይን አይቆጥርም።
ከእጅጌዬ ግን አንዲት ቅርፊት፣ የቅዳሜዋ፣ ወደቀች፤
አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ባዶው ላይ ተለጠፈች።
ሰብሳቢው በጥፍሩ ሊያነሳት ሞከረ።
እንቢ አለችው።