ቅዱ

በዓርብ ገበያ፣ በአልዩ አምባ፣
ከጨሌው ጋራ አብሮ የገባ
መጠቅለያ ነው፤ ማን አስተዋለ?
እንግዳሸት ግን «ቆይ እስቲ» አለ።

ሐረግ፣ ከሐረግ የተያያዘ፣
ጅራተ ቅጠል ፍየል ያረገዘ።
በባሕር ማዶ አንድ አንጥረኛ
ለማያውቀው ሰው፣ ለሙያ ጓደኛ፣
መዳብ ላይ ጭሮ፣ ቀለም አብልቶ፣
ደብዳቤ ላከ፣ ፊደሉን ትቶ።

መስመር መስመሩን በመርፌ ወጋ፤
ከሰል ነዛበት፣ ገና ሳይነጋ፤
ቢያነሣው፣ ጉንዳን ብሩ ላይ ፈሷል፤
የሩቁ ሐረግ መንደሩ ደርሷል።
ፍየሉን ተወው፤ የሙሽራ እናት
«ሰይጣን ለወለባ!» ብትል፣ ምን ይመልስላት?

ግን አንዲት ስፍራ፣ በእጥፉ በኩል፣
ሐረጉ ጠፍቷል፣ የጥፍር እኩል።
አልሞላም ክፍቱን፤ «የሰው ቃል» ብሎ፣
ቅዱንም ቀርጿል በብር አስመስሎ።

ወለባዋን ያየ ሁሉ ቢያዝዘው፣
ልጁም የልጅ ልጁም ያን ክፍት ያዘው።
እኔም ደብረ ብርሃን፣ በጠባብ ወርቅ ቤቴ፣
ክፍቱን እተዋለሁ፣ እንደ አባቴ።
«ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲለኝ ደንበኛ፣
«የነፍስ በር ናት» ይላል አንዱ መንገደኛ።
እኔ ዝም።

ወረቀቱ አለኝ፤ መርፌ ጨርሶታል፤
ሐረጉ አልቆ፣ ወጉ ብቻ ቀርቷል።
በመስኮት በኩል ከፍ ሳደርገው፣
ፀሐይ ነው አሁን የሚስለው።
ፍየሉ ብቻ፣ ስላልተወጋ፣
ጥቁር እንዳለ፣ ዛሬም ሲነጋ
ያየኛል።