ውልቅ፣ ጥልቅ

ሐረጎን ወጣሁት ጉንጬን በእጄ ይዤ፣
በማለዳ ሚኒባስ ጉም ለጉም ተጉዤ።
ሸዋበር ሐኪሟ መስታወት አስገብታ፣
ካፌ ጓዳ ድረስ መብራቷን አብርታ፣
«ተበልቷል» አለችኝ፣ «ጎኑ ላይ ሙሌቱ፤
የተነቃይ ጥርስዎ ሽቦው ነው ምክንያቱ።»

ቦዩ መች ገረመኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት
ክር ጠብቄ ኖሬ ጨርቃጨርቅ ቤት፤
ያው ክር፣ ሕፃን ልጅ በጥሶት የሚሄድ፣
በብረት ገላ ላይ ሲያወጣ መንገድ
አይቻለሁ።
ክር መሪውን ስቀይር፣ አሮጌውን ኪሴ ከትቼ፣
«ለስላሳው አሸነፈ» ብያለሁ፣ ለዚነት አሳይቼ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያወልቁት?» አለች።
«ማታ ብቻ» አልኳት።
ቦዩን ደግማ አየች።

እውነቱ ሌላ ነው።
ቦርከና ዳር፣ ደጄ፣ ማታ ማታ ልጆች
ቦርሳቸውን ጥለው፣ እነዚያ አፈኞች፣
«አባባ ሙህዬ፣ ጥርስዎን ያውልቁ!»
በምላሴ ገፋ፣ ቀጭ! ይሸሻሉ እየሳቁ፤
ተመልሰው ደግሞ «እንደገና!» ይላሉ፤
ሦስት ጥርሶች፣ እርጥብ፣ መዳፌ ላይ አሉ።
ኢክራም ግን አትሸሽም። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤
ጠጋ ብላ አይታ፣
«የኔም እንዲህ ይገባል?»

ሐኪሟ ቆፈረች፣ ጠንከር ባለው ሞላች፤
«ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ከዚያ በላይ የለም» አለች።
እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሐረጎን ስወርድ በምላሴ ዳሰስኩት፤
ልስልስ ያለ፣ ገና ቦይ የሌለው።
ሰዓቴን አየሁት፤
ትምህርት ቤት ሊለቀቅ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው።