በቃለ ጉባኤው ኅዳግ

ከጣሪያው ስር ብርድ ነው። አይዋ፣ የካቲት።
መስኮቱን ይቧጥጣል በረዶ እንደ ድመት።
የዘንድሮ ጸሐፊ እኔ ነኝና
ቁልፉን ሰጡኝ፣ «ሳጥኑን አጽጂ» አሉና፤
ተቀምጫለሁ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣
መቶ ሃምሳ ዓመት ጭኔ ላይ ሰብስቤ።

ታሪኩን እንደሆን ሁላችን ይዘናል፣
በገባን ሌሊት በሻማ ተምረናል፦
አራት ነበሩ፤ ሔፕዚባ፣ ድሩሲላ፣
ላቪኒያ ክሬን፣ ዖርፋ ከነሱ ኋላ።
ወንዶቹ ማኅበር ነበራቸው፣ ምሥጢር፣ ማኅተም፤
ለሴት ግን የሚከፈት አንድም በር የለም።
«ጥልፍ እንማራለን» ብለው አስፈቀዱ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ምድር ቤት ወረዱ፤
ጭናቸው ላይ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ስር መጽሐፍ፣
አንዷ ስታነብ ሦስቱ ሲያስመስሉ ጥልፍ።

ስም ሲያወጡለት ግን ቃል ጠፋ፤ የእህት
ማኅበር የሚል ገና አልተፈጠረለት፤
የወንዶቹን ቃል አነሱና ለበሱ፣
እንደ ወንድም ኮት፣ እጅጌውን አጥፈው ቀነሱ።
ዛሬም «ወንድማማች» ነን፤ ሰው ይስቅብናል፤
«ይሰፋናል» እንላለን፣ «ግን ለምደነዋል»።

የብር መርፌ ነው ደረት ላይ የምንሰካው፣
ቀዳዳው ባዶ ነው፤ ምክንያቱን ማን ያውቀው?
መዝሙር አለን፣ ዜማው ለማንም የማይመች፣
ከሁለተኛው ስንኝ ወዲያ የምታውቅ የለች።
የሎሚ ኬክ አለ፤ ሁልጊዜ ይደርቃል።
ነጭ ጓንት አለ፤ ከሰው ሰው ይዋሳል።

የስም ጥሪው ግን፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።
መብራት ይጠፋል።
«ሔፕዚባ» ስትባል «ዐርፋለች» እንላለን፤
«ድሩሲላ»፣ ዐርፋለች። «ላቪኒያ»፣ ዐርፋለች።
«ዖርፋ» ሲባል ክፍሉ ዝም ይላል፤
የመጨረሻዋ ገቢ፣ የሁሉም ታናሽ፣
ብድግ ብላ «አለሁ» ትላለች።
ምክንያቱም ዖርፋ፣ እንዲህ ነው ትውፊቱ፣
ሳትመረቅ ሞተች፣ በትኩሳት፣ በክረምቱ፤
ሦስቱ በየተራ አልጋዋን ጠበቁ።
እኔም ብያለሁ፣ ገና በአሥራ ስምንቴ፣
ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ ሲላወስ አንጀቴ፣
ለሞተች ልጅ ድምፄን አውሼ።

አሁን ግን ይኸው። ገጽ አርባ አንድ፤
ቀለሙ ዝገት መስሏል፦
«ዖርፋ ስታይልስ፤ የሁለት ወር መዋጮ፣
ሃምሳ ሳንቲም፣ አልከፈለችም።»
ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለዜሮ።
ስሟ ላይ መስመር፣ በማስመሪያ፣ ሳይንቀጠቀጥ።
ኅዳጉ ላይ፣ በሌላ እጅ፣ በእርሳስ፦
«ሐሙስ ማታ ታጥባለች። የወንዶቹን ሸሚዝ።»

ትኩሳት የለም። አልጋ የለም።
ድሩ አብሮ ነበር፣ አንበሳውንም አስሮ፤
አንዷን ክር ግን በጥርሳቸው ቆረጧት።
ትኩሳቱን ማን ፈጠረው?
ከሦስቱ አንዷ ትሆን፣ አርጅታ፣ እንቅልፍ ሲነሳት?
ከሃምሳ ሳንቲም ይልቅ
ሞት ለመተረክ ይቀላል።

«ዖርፋ አማቷን ስማ ተመለሰች» ይላል መጽሐፉ፣
ሰባኪም ሁሉ ሩትን ያወድሳል።
«ተመለሱ» ያለቻቸው ግን ኑኃሚን ናት፤
እሱን ማንም አያነሳም።

ዛሬ ማታ የምጠራው እኔ ነኝ።
ታናሿ ማሪሶል ኦቻዋ ናት። ዘግይታ መጣች፣
ከካፊቴሪያው፣ ዕቃ ስታጥብ ቆይታ፤
ጓንቱ እርጥብ እጇ ላይ አልገባ ብሎ
ባዶ እጇን ቆመች።
ለማንም አልተናገርኩም። ምናልባት ነገ።
ሦስቱን ጠራሁ። ሦስቱም ዐርፈዋል።
ከዚያ ሁለት ሩብ ዶላር ከኪሴ አወጣሁና
ሻማው ስር አስቀመጥኩ።
ሒሳብ ያዥዋ በዓይኗ ጠየቀችኝ።
«የቆየ ዕዳ ነው» አልኳት።

«ዖርፋ ስታይልስ።»

ወንበር ተንቋቋ።
«አለሁ» አለች ማሪሶል፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ፤
ከእጇ ሳሙና ይሸታል።