የማይደገም ቁጥር

ፔንሲልቬንያ፣ የጦር ግምጃ ቤት፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ዶሎረስ ኮቫልቺክ መነጽሯን አጥልቃ
የራዳሩን ገላ ትነቅሳለች በሌዘር፤
ጥፍር የምታህል ሰሌዳ፣ የነጠብጣብ መንደር።

«አንዴ የተሰጠ ቁጥር» ይላል መመሪያው፣
«ዕቃው ቢቀልጥ እንኳ፣ ባሕር ቢውጠው፣
ለሌላ አይሰጥም።»

አባቷ ከሰል ቆፋሪ፣ የናስ ቁራጭ ነበረው፣
ሁለት መቶ አሥራ አራት፤ ጠዋት ጠዋት ይዞት ወርዶ
ማታ ሚስማር ላይ የሚሰቅለው።
አንድ ማታ ሚስማሩ ባዶውን አደረ፣
ጉድጓዱ አፉን ዘጋ፤ መንደሩ ቆፍሮ ቆፍሮ አቀረቀረ።
ሰኞ ለታ አዲስ ናስ፣ ያው ቁጥር፣ ሌላ ሰው፤
ደመወዝ ጸሐፊው መስመሩን እንኳ አልሰረዘው።

ስካነሩ ጢጥ አለ። ዕቃው ታወቀ።
ዶሎረስ ጓንቷን አውልቃ
ሰሌዳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤
ገና አልቀዘቀዘም።